ባንኩ ቤታችንን በሐራጅ ሊሸጥ ነው፤ በቀረን ጊዜ ምን እናድርግ?

«የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ባለቤቴ ምግብ ቤቱን ለማስፋት 1,600,000 ብር ከባንክ ተበደረ። ወለዱ 17 በመቶ፣ መክፈያው 8 ዓመት፣ መያዣው የምንኖርበት ቤት ነው። እኔም ባንክ ሄጄ ፈርሜያለሁ፤ ምን እንደፈረምኩ ግን በወጉ አላነበብኩትም። በወር 30,600 ብር ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈልን። መንገዱ ሲዘጋጋ ግን እንግዳ ጠፋ፤ ሰባት ወር አልከፈልንም። አሁን ባንኩ 1,390,000 ብር በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ቤቱን በሐራጅ እሸጣለሁ ብሎ ደብዳቤ ልኳል። ከደረሰን ዘጠኝ ቀን ሆነው። የባለቤቴ ወንድም «የሽያጭ ውል በእኔ ስም ጻፉልኝና ፍርድ ቤት እናሳግደው» ይላል። አንድ ደላላ ደግሞ ቤቱን 2,200,000 ብር የሚገዛ ሰው አለኝ፣ 300,000 ብር ቀብድ ዛሬውኑ ውሰዱ እያለ ያጣድፈናል። ከእኛ ሦስተኛው ቤት አምና 4,000,000 ብር ነው የተሸጠው። ለመሆኑ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ቤት መሸጥ ይችላል? ከሸጠስ ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው? ለጎረቤት እንኳ አልተናገርንም።»

እህታችን፣

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው፤ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 አበዳሪ በመያዣ የያዘውን ቤት የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ልሽጥ ወይም ልውሰድ ብሎ ቢዋዋል ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። ለባንኮች ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 የተለየ መንገድ ከፍቷል። በውሉ ላይ ባለዕዳው ለባንኩ የመሸጥ ሥልጣን ከሰጠና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ሊሸጥና ስሙን ለገዢ ሊያዛውር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከውላችሁ ውስጥ ይህን የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ ፈልጉ። አብዛኛው የባንክ ውል አለው። ከሌለው ባንኩ እንደማንኛውም አበዳሪ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን የሚበልጠው ነው፤ መልሱም በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። ባንኩ የሚገባው ዕዳው፣ ወለዱ፣ ቅጣቱና የሽያጩ ወጪ ብቻ ነው። ከዚያ የሚተርፈው የእናንተ ገንዘብ ነው። እስቲ ያስቡት፦ ቤቱ በ2,200,000 ብር ቢሸጥ ወደ 800,000 ብር ይተርፋችኋል። በ3,700,000 ብር ቢሸጥ ደግሞ ወጪና ግብር ሳይነሳ 2,310,000 ብር። ዕዳው በሁለቱም አንድ ነው፤ የአንድ ሚሊዮን ተኩሉ ልዩነት የእናንተ ኪሳራ ወይም የእናንተ ትርፍ ነው። ለዚህ ነው የቀሯችሁን 21 ቀናት ባንኩን ለማስቆም ብቻ ሳይሆን ለዋጋው ጭምር አውሉት የምንለው።

የባለቤትዎን ወንድም ሐሳብ ከአሁኑ ይተዉት። መያዣው በማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ሳለ የሽያጭ ውል ስም አያዛውርም። የመያዣ መብት ቤቱ ለሌላ ሰው ቢተላለፍም ቤቱን ይከተላል። ውሉ ከመያዣው በፊት የተደረገ እንዲመስል ቀኑን ወደ ኋላ ጎትቶ መጻፍ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ከዕዳ ጉዳይ ወደ ወንጀል ጉዳይ ያሻግራችኋል። ባንኩም በመልካም ፈቃድ ሊያራዝምላችሁ የነበረውን ጊዜ ይህን ካየ በኋላ አይሰጥም።

ዕገዳን በተመለከተም እውነቱን እንንገርዎ። አዋጁ ለባንኩ በግልጽ ሥልጣን ስለሰጠው ፍርድ ቤቶች የባንክ ሐራጅን ለማገድ እጅግ ይቆጠባሉ። «ገበያ ጠፋብን» ወይም «ልጆቼን የት ልውሰድ» የሚለው አቤቱታ ልብ ይነካል እንጂ ሐራጅ አያስቆምም። ሊሰማ የሚችለው አቤቱታ ሌላ ዓይነት ነው፤ ዕዳው ተከፍሏል፣ ማስጠንቀቂያው አልደረሰም ወይም 30 ቀኑ አልሞላም፣ ሊሸጥ የወጣው ቤት በመያዣ ውሉ ላይ ያለው አይደለም፣ መያዣው አልተመዘገበም የሚል። ከእነዚህ አንዱ ካላችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ጠበቃ ያዙ። ስታመለክቱም የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ባንኮች በአብዛኛው በፌዴራል ደረጃ የተመዘገቡ ስለሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በክልል የሚያየው ደግሞ በውክልና ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት የገባ መዝገብ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ሲመለስ የሐራጁ ቀን አልፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሰው ደብዳቤውን አልቀበልም ብሎ ቢመልስ የሚጠቅም ይመስለዋል፤ አይጠቅምም። ባንኩ አልቀበልም ማለታችሁን በምስክር ይዞ ወይም በጋዜጣ አስነግሮ ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ቀኑን የምትቆጥሩበት ወረቀት ታጣላችሁ። ስለዚህ የደረሳችሁን ደብዳቤ ከነፖስታው አስቀምጡ፤ የተቀበለው ማን እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደተቀበለ በጀርባው ጻፉ። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀንና እጃችሁ የገባበት ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው እናንተ ዘንድ መድረስ ያለበት ስለሆነ የደረሰበት ቀን ወሳኝ ነው። ልጅ ወይም ተከራይ ተቀብሎ ሰጥቷችሁ ከሆነ ያንንም መዝግቡ።

ከዛሬ ጀምሮ ከባንኩ ጋር የምታደርጉት ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ቡና እየጠጡ የተባለ «አይዟችሁ፣ እናየዋለን» የሐራጁን ቀን አይገፋም። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ወደ መዝገብ ቤቱ ሂዱ። አንዱን ይወስዳሉ፤ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ነገ «ጠይቀን ነበር» ስትሉ የሚናገርላችሁ ያቺ ማኅተም ያረፈባት ቅጂ ናት። ሐራጁን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ሳይሆን የዲስትሪክቱ ወይም የዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ማስመለሻ ክፍል ስለሆነ ለእነርሱም ግልባጭ ይድረስ።

የመጀመሪያው ማመልከቻ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የብድር ውሉ፣ የመያዣ ውሉና የዋስትና ውል ካለ የሁሉም ቅጂ። ሁለተኛ፣ ዕዳው ተዘርዝሮ የሚታይበት የሂሳብ መግለጫ፦ ዋናው ስንት፣ መደበኛው ወለድ ስንት፣ የዘገየበት ቅጣት ስንትና በየትኛው መቶኛ፣ ባንኩ ከፍሎ በእናንተ ሂሳብ ላይ የጨመረው ወጪ ስንት።

መግለጫው ሲመጣ እንዲህ መርምሩት። በነገሩን መሠረት 36 ወር በመደበኛነት ከከፈላችሁ የዋናው ብድር ቀሪ ወደ 1,231,000 ብር ገደማ መሆን አለበት። የሰባት ወሩ ወለድ ወደ 122,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,353,000 ብር ናቸው። ባንኩ የጠየቀው 1,390,000 ብር ነውና የ37,000 ብር ልዩነት አለ። ይህ ቅጣትና የቤቱ የእሳት መድን ሊሆን ይችላል፤ ባንኮች መድኑን እናንተ ካላደሳችሁ ራሳቸው አድሰው ዕዳው ላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ የግድ ስሕተት ነው አንልም፤ ግን በመስመር በመስመር ይታይ። በብዛት የምናያቸው ጉድለቶች የታወቁ ናቸው። በቅርንጫፉ ተከፍሎ ወደ ብድር ሂሳቡ ሳይዞር በቁጠባ ሂሳብ የቀረ ገንዘብ አለ። ለአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የተጨመረ መድን ይገኛል። ቅጣቱ ባለፈው ክፍያ ላይ መሆን ሲገባው በጠቅላላው ብድር ላይ የተሰላበትም ያጋጥማል። የትኛው ላይ ሊሰላ እንደሚችል ውላችሁ ይናገራል። የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞች በወር ደርድራችሁ ከመግለጫው ጋር አመሳክሩ። ያልገባችሁ ነገር ካለ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ ያልተከራከራችሁበትን ቁጥር ግን አብራችሁ «እንከፍላለን» በሉ፤ ይህ ቅን ባለዕዳ መሆናችሁን ያሳያል።

ቀጥሎ የብድር ማሸጋሸጊያ፣ ማለትም ዕዳው በአዲስ የመክፈያ ጊዜና በአዲስ የወር ክፍያ እንዲከፋፈል የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ሰባት ወር ያልተከፈለ ብድር በብሔራዊ ባንክ አመዳደብ ከተበላሹ ብድሮች ወገን ከገባ ቆይቷል። መስመሩ 90 ቀን ነው፤ ከ180 ቀን በኋላ ደግሞ አጠራጣሪ ከሚባለው ይመደባል። በየደረጃው ባንኩ ከራሱ ገንዘብ የሚይዘው መጠባበቂያ ይጨምራል። ስለዚህ ባንኩም ቤት ነጋዴ መሆን ስለማይፈልግ ብድሩ ቢስተካከልለት ይመርጣል። ግን ባዶ እጅ ለቀረበ ጥያቄ «እሺ» ማለት አይችልም።

ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ? ቅድመ ክፍያና ሊታመን የሚችል የገቢ ዕቅድ። ለምሳሌ ከቤተሰብም ከዕቃ ሽያጭም አሰባስባችሁ 200,000 ብር ብታቀርቡ ቀሪው 1,190,000 ብር ይሆናል። ይህ በ17 በመቶ በ7 ዓመት ሲከፋፈል በወር ወደ 24,300 ብር ነው። በ10 ዓመት ከሆነ ወደ 20,700 ብር ይወርዳል፤ በጠቅላላው ግን ከ430,000 ብር በላይ ተጨማሪ ወለድ ያስከፍላል። የወሩ ክፍያ ምግብ ቤቱ ከሚያስገባው ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለውን በእውነት ቁጭ ብላችሁ አስሉ። የስድስት ወር የሽያጭ መዝገብ፣ የቤት ኪራይ ገቢ ካለ ውሉን፣ ደመወዝተኛ የቤተሰብ አባል ካለ የደመወዝ ማስረጃ አያይዙ። ብድሩ ከዚህ በፊት ተራዝሞ እንደሆነም ተናገሩ። ሲራዘም የቆየ ብድር ስንት ጊዜ ሊሸጋሸግ እንደሚችል ገደብ አለበት፤ ባንኩ ደብቃችሁ ቢያገኛችሁ ጥያቄው በዚያው ይዘጋል።

ቅድመ ክፍያውን ግን ከአራጣ አበዳሪ እንዳትወስዱ። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል ሰው 200,000 ብር ቢሰጣችሁ ወለዱ ብቻ በወር 20,000 ብር ነው፤ ባንኩን ለማስታገስ ስትሉ ሁለተኛ ባንክ የሚያህል ዕዳ ትገዛላችሁ። የዕቁብ ዕጣ ከተቃረበ ወይም ዘመድ ያለ ወለድ ከሰጠ ሌላ ነገር ነው። ማሸጋሸጉም ቢፈቀድ ሐራጁ የቆመው ውሉ በተፈረመበት ቀን እንጂ በተነገራችሁ ቀን አይደለም።

ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ማለትም 20,700 ብሩን እንኳ በየወሩ ለማውጣት የምትቸገሩ ከሆነ፣ ቤቱን ራሳችሁ ሽጡት። ይህን ስንል እንደሚያም እናውቃለን። ነገር ግን በሐራጅ ከሚሸጥ በገበያ የሚሸጥ ቤት የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ገዢው ተዘዋውሮ ያየዋል፣ ይደራደራል፣ ክፍያውንም በጊዜ ያመቻቻል። ለባንኩ የምታቀርቡት ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦ ቤቱን በራሳችን ለመሸጥ ገዢ እያፈላለግን ነው፤ ለዚህ 60 ቀን ይሰጠን፤ ዕዳው በሙሉ ከሽያጩ በቀጥታ ለባንኩ ይከፈላል። ቢቻል የገዢውን የሐሳብ ደብዳቤ አያይዙ። ባንኮች ገዢው ሲታይ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ገዢ ሳይኖር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰጡም።

የክፍያው ቅደም ተከተል ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡን። ገዢው ገንዘቡን በሁለት ሲፒኦ (ባንክ ገንዘቡን ይዞ በተቀባዩ ስም በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ያሠራል። አንደኛው በባንኩ ስም፣ በሽያጩ ቀን ባለው የዕዳ መጠን ልክ ነው። ሁለተኛው በእናንተ ስም፣ ቀሪው ነው። የዕዳው ቁጥር በየቀኑ ወለድ ስለሚጨምር ባንኩ «እስከዚህ ቀን ከተከፈለ ይህን ያህል» የሚል ደብዳቤ ይስጣችሁ። ባንኩ የራሱን ሲፒኦ ሲቀበል የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ ለይዞታ ክፍሉ ይጽፋል፤ ካርታውንም ይመልሳል። የሽያጭ ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይረጋገጣል፤ ሁለተኛው ሲፒኦም በዚያው ቦታ ለእናንተ ይሰጣል። ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ እንደሆነ ጭቅጭቁ ከሽያጩ ይረዝማል።

ደላላው ስላቀረበው ቀብድ አስቡበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ባንኩ መያዣውን ባያነሳ ወይም ሐራጁ ቀድሞ ቢካሄድ በ300,000 ብሩ ፈንታ 600,000 ብር ትጠየቃላችሁ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ምንም አትፈርሙ። 2,200,000 ብርም ለቤታችሁ ዋጋ አይደለም፤ ጎረቤት በ4,000,000 ብር በተሸጠበት ሰፈር ይህ የጭንቀት ዋጋ ነው። ማጣደፉም ያንን ስለሚያውቅ ነው።

ሐራጁ የማይቀር ከሆነም ሥራ አለ፤ ያውም ብዙ። ባንኩ ለሐራጁ የሚያወጣው መነሻ ዋጋ በራሱ መሐንዲስ ግምት የሚመሠረት ነው። ብድሩ ሲሰጥ የተሠራው የድሮ ግምት እንደዋለ ወይም አዲስ እንደተሠራ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሰርቪስ፣ ግንብ አጥር፣ የውሃ ታንከር ወይም ተጨማሪ ክፍል ካለ በፎቶግራፍና በግንባታ ፈቃድ አስደግፋችሁ ወደ ግምቱ እንዲገባ ጠይቁ። የአካባቢው የቅርብ ጊዜ ሽያጭ ዋጋ የሚታይበት ማስረጃ ካገኛችሁ አያይዙ። ይህ የይስሙላ ጥያቄ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 216/1992 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ካልቀረበ ባንኩ ራሱ ቤቱን በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ሊረከብ ይችላል። ስለዚህ ዝቅ ያለ መነሻ ዋጋ ሁለት ጊዜ ይጎዳችኋል።

ማስታወቂያው በጋዜጣ ሲወጣ፣ በአዲስ ዘመንም ይሁን በበኩር ወይም በሌላ፣ ገዝታችሁ አንብቡት፤ ቁረጡና አስቀምጡት። የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ክፍለ ከተማውና ቀበሌው፣ የቤቱ አገልግሎት፣ መነሻ ዋጋው፣ የሐራጁ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ትክክል መሆናቸውን ከካርታው ጋር አስተያዩ። 250 ካሬ የሆነ ቦታ 150 ተብሎ ሲወጣ ተጫራቹ የሚያሰላው በ150 ነው። ስሕተት ካለ ከሐራጁ በፊት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከሐራጁ በኋላ ስታነሱት ክብደቱ ይቀንሳል።

ተጫራቾች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ በሩን ክፈቱላቸው። በንዴት የሚዘጋ በር ባንኩን አይጎዳም። ውስጡን ያላየ ሰው ለማያውቀው ነገር ዋጋ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም ከእናንተ ትርፍ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ይሉኝታ። ለጎረቤት እንኳ አልተናገርንም ብለውናል። በእኛ አገር የጎረቤትን ቤት በሐራጅ መግዛት እንደ ግፍ ይቆጠራል፤ ጨዋ ሰው ይሸሻል። የሚቀረው በደላላ የሚጠራው ጥቂት ተጫራች ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ተመካክሮ ከመነሻው ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ የሚጨርሰው በእንዲህ ያለ ጨረታ ነው። ይህን የሚሰብረው እናንተ መናገራችሁ ነው። ለዘመድ፣ ለዕድር ጓደኛ፣ ውጭ አገር ላለ ልጅ፣ ቤት እንደሚፈልግ ለሰማችሁት ሰው ሁሉ «ግዙ፣ እኛው ነን የጠየቅናችሁ» በሏቸው። ያኔ መግዛታቸው ግፍ መሆኑ ቀርቶ ውለታ ይሆናል። ተጫራች የሚያስይዘው ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ነው፤ መነሻው 2,400,000 ብር ቢሆን 600,000 ብር ማለት ነው። አሸናፊው ቀሪውን አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ስለዚህ የምትጠሩት ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ በጊዜ ይነገረው።

በሐራጁ ቀን ሂዱ። ልባችሁ ካልቻለ የታመነ ሰው ላኩ። ስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ስንት ተጫራች እንደቀረበ፣ በማስታወቂያው የተባለው ሰዓት ሳይደርስ ተዘግቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ጠይቁ። ዕዳውን ከነወጪው ይዛችሁ ከደረሳችሁ ሐራጁ ከመጠናቀቁ በፊት አስቁሙት፤ እስከዚያ ድረስ ጊዜው አላለፈም።

ባንኩ ሲሸጥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች፣ ከአንቀጽ 394 ጀምሮ ያሉትን፣ መከተል አለበት። ሳይከተል ጉዳት ካደረሰባችሁ በአዋጅ 97/1990 መሠረት በኃላፊነት ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ክስ የሚያሸንፈው ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱ ያስከተለውን ጉዳት በብር ሲያሳይ ነው። «ማስታወቂያው ላይ ስፋቱ ተሳስቷል» ብቻ አይበቃም። «ተሳስቷል፣ ከሐራጁ በፊት በዚህ ቀን በጽሑፍ አሳውቀናል፣ በትክክለኛው ስፋት ግምቱ ይህን ያህል ነበር፣ የተሸጠው በዚህ ነው» የሚል ፋይል ግን ዳኛ ፊት ይቆማል። ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች፣ የጋዜጣው ቁራጭና የሐራጁ ማስታወሻ ያን ጊዜ ነው የሚፈለጉት።

ስለ ፊርማዎ ደግሞ ይህን ይወቁ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ባልና ሚስት ፈቃድ በመያዣ አይሰጥም፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ይህን ይላል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም መንፈሱ ይኸው ነው። ፈቃዷን ያልሰጠች ሚስት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የምትችለው በፌዴራሉ ሕግ ካወቀች ስድስት ወር ሳያልፍ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። እርስዎ ፈርመዋል፤ ጊዜውም ሦስት ዓመት ተኩል አልፎታል። ስለዚህ በዚህ በኩል ጊዜና የጠበቃ ገንዘብ እንዳያባክኑ እንመክራለን።

የፈረሙት ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ማወቁ ግን ለኋላ ይጠቅማል። የመያዣ ስምምነት ብቻ ከሆነ የሰጡት ቤቱን ነው። የዋስትና ውልም ፈርመው ከሆነ ግን ከቤቱ ሽያጭ ዕዳው ባይሸፈን በሌላ ንብረትዎ ይጠየቃሉ። ዋስትና የሚጸናው ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ከተጻፈ ነው፤ ካልተጻፈ አይጸናም። ባለቤትዎ ተበዳሪ ስለሆነ በእሱ ላይ ቀሪ ዕዳ ካለ ባንኩ ሊከሰው ይችላል። በእናንተ ሁኔታ ቤቱ ከዕዳው እጅግ ስለሚበልጥ ይህ የሚደርስ አይመስለንም፤ ግን ዝቅ ባለ ዋጋ ከተሸጠና ዕዳው እየጨመረ ከሄደ ርቀቱ ይጠብባል።

ሽያጩ ካለቀ በኋላ የሽያጭ ሂሳብ መግለጫ በጽሑፍ ጠይቁ፦ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተቀነሰው ዕዳ በዝርዝር፣ የጋዜጣና የግምት ወጪ፣ ተራፊው። ተራፊውን ባንኩ ለሌላ ብድር ወይም ለሌላ ዋስትና ይዤዋለሁ ካለ በየትኛው ውል እንደሆነ ያሳያችሁ። የመልቀቂያ ቀኑንም ከገዢው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ገዢው ብዙውን ጊዜ ክርክር ውስጥ ከመግባት አንድ ሁለት ወር መጠበቅን ይመርጣል፤ ልጆች ትምህርት ላይ ከሆኑ ይህን ንገሩት።

ባንኩ ለጽሑፍ ጥያቄያችሁ መልስ ካልሰጠ በባንኩ የቅሬታ ክፍል አመልክቱ፤ እዚያም ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ክፍል ማቅረብ ትችላላችሁ። ይህ ሐራጁን አያግድም፤ የሂሳብ ስሕተትን ለማሳረም ግን ይረዳል። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ የብድር ውሉን፣ የመያዣ ውሉን፣ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ከነፖስታው፣ የክፍያ ደረሰኞቹን፣ የካርታውን ኮፒና የጋብቻ ማስረጃውን በአንድ ማህደር ይዛችሁ ሂዱ። ውሉ ገና ከባንኩ ካልመጣ ደብዳቤውንና ደረሰኞቹን ብቻ ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ ቀሪውን በኋላ ማድረስ ይቻላል።